ሰባት ከአሥር

ሐሙስ አመሻሹን አውቶቡስ ስትመጣ፣
ከሽንኩርት ጆንያ፣ ከሳሙና ካርቶን መሃል የሚወጣ፣
አዲስ ልብ ወለድ ነው፣ ሽፋኑ ያልነተበ፣
ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት፣ ከእኛ በፊት ማንም ያላነበበ።
(እኛ እንደዚያ ይመስለን ነበር።)

እንዳላማው ኪዮስክ፣ ከደብተር ቁልሉ፣ ከባትሪ ድንጋዩ ጎን፣
ላንድ ሌሊት አምስት ብር፤ ሁለት ሌሊት ካደረ ስምንት ይሆን፤
ገጽ ላጠፈ ቅጣት፣ ወጥ ላፈሰሰበት መታወቂያ ማስያዝ፣
በጠመኔ ጽፏል፣ ልክ እንደ ሙሴ ትእዛዝ።

እኔ ሃያሲ ነኝ።
ማንም አልሾመኝም፤ የደምበጫ ተማሪ፣ የሚኒ ሚዲያው ነኝ።
ዓርብ በእረፍት ሰዓት፣ ድምፅ ማጉያው እየተቆራረጠ፣
እናገራለሁ መጽሐፉ በማን እንደተበለጠ፣
ከአሥር ስንት እንዳገኘ፣
ደራሲው የት ላይ እንዳማረበት፣ የት ሲዋሽ እንደተገኘ።

የዚህኛው ጀግና የእኛው አገር ልጅ ናት፣
ደራሲው ሸገር ተቀምጦ፣ በብዕሩ አምጦ የወለዳት፤
ስም ማውጣቱንስ ያውቅበታል፣ «ስለናት» አላት።
ግን ገጽ አርባ ስድስት፣ በጥር ፀሐይ፣
በቆሎ አበበ ይላል። በጥር! በቆሎ! ሰው ጉድ አይልም ወይ?
እንኳንስ ሊያብብ፣ ቆረቆንዳው እንኳ ተለቅሞ አልቆ
ማሳው ባዶ ነው በጥር፤ ምነው ቢጠይቅ፣ አንድ ቀን ጎራ ብሎ ዘልቆ።
ሁለት ነጥብ ቀነስሁ። አምስት ከአሥር ሰጠሁት።
በወረቀት ጽፌ ከጀርባው ሸጎጥሁት፦
«ደራሲ ሆይ፣ ደምበጫ አንድ ሌሊት አድረህ ቢሆን ኖሮ
በጥር ባላበበ ነበር ያንተ የበቆሎ ጓሮ።»

ግን መዋሸት አልችልም።
ገጽ መቶ ዐሥራ ሁለት፣ ስለናት ያባቷን ደብዳቤ
ሳትከፍት ስታስቀምጠው፣ ሊከፈት ደረሰ ልቤ።
መብራት እንደ ልማዱ ሄደ፤ በሞባይል ብርሃን ጨረስሁ፤
ጠዋት ይበልጣል ዓይኔን አይቶ ሲጠይቀኝ፣ «ጉንፋን ነው» ብዬ ዋሸሁ።
እሱ አንብቦ «ፍቅሩ አነሰ»፤ አንጓች «በዛ፣ ጣፈጠ»፤
የቅኔ ቤቱ ልጅ «ሰሙስ ሰም ነው፤ ወርቁ ቀለጠ»።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው።
ዘንድሮ ሰባት ልብ ወለድ አንብቤ ቆጠርሁ፣
ከአምስቱ ላይ ልጅቷን ቀበርሁ፤
አንዷ ዓባይ ገባች፣ አንዷ በወሊድ ሄደች፣ አንዷ በሳል፤
«ልጅቷ ካልሞተች መጽሐፍ አይዘጋም» ያለው የቱ ነው በሳል?
ስለናትም ልትሞት ነው ስል፣ ገጹ ሳስቶ፣ እጄ ፈርቶ፣
የመጨረሻው ቅጠል የለም፤ ሄዷል በምላጭ ተላጭቶ።

እንዳላማው ማለ፤ «ከካርቶኑ ሲወጣም እንዲህ ነው፣ በማርያም!»
«ገንዘባችንን መልስ!» «ላልተነበበ ገጽ ቅናሽ የለም።»

በሳምንቱ፣ ከወረቀቴ ግርጌ፣ በአረንጓዴ እስክሪብቶ፣
ፊደሉ እንደ ኮሮኮንች መንገድ ተንገራግጮ፣ ተጎትቶ፦
«ሃያሲት፣ መራዊ ሂጂ። ቆጋ፣ ቦዩ ሥር፣ በመስኖ፣
በጥር በቆሎ ያብባል፤ በመስኮት አይቻለሁ፣ ዘንፋላ ሆኖ።
ደምበጫ ብቻ አይደለም ጎጃም።
ሁለቱን ነጥብ መልሺ። ስለ ቅጠሉ ግን አልናገርም።»

ዓርብ ማጉያው ፊት ቆሜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣
«በበቆሎው ተሳስቻለሁ» አልሁ።
ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሰባት ከአሥር ሰጠሁ፤
ሦስቱ ከቅጠሉ ጋር ነው ያለው፤ ሲገኝ እሞላለሁ።

ሐሙስ። አውቶቡሷ ቆመች። ረዳቱ ካርቶን አወረደ፤
ጆሮው ላይ አረንጓዴ እስክሪብቶ። ሲያየኝ ዓይኑ ወደ መሬት ሄደ።
ስሙን አልጠየቅሁም፣ ሰላምታም አልሰጠሁ፤
«ስለናትስ?» አልሁ።
በሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፣ ሞተሩ ተነሣ፤
«ቡሬ ላይ ወርዳለች፣ በደኅና፣ ሻንጣዋን ሳትረሳ።»